ስልሳ ሦስት ሣጥን

ሐምሌ ነው፤ ሐዋሳ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደልቃል፣ ይተዋል፣
አባ ኮዳ አጥሩ ላይ፣ እንደ ጡረተኛ፣ ክንፉን ሰብስቦ ቆሟል።
እኛ አርባ መምህራን፣ የእርጥብ ካልሲ ሽታ፣ የክረምት ሥልጠና፤
እውነቱን ልናገር፦ አበሉ ነው ያመጣኝ፤ የቤት ኪራይ አለና።

ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ጨብጬ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ያንኑ ዕቅድ ገልብጬ፣
«ዓላማ፣ መግቢያ፣ ማጠቃለያ»፣ ቀኑን ብቻ ለውጬ፣
ማን ምን ሊያስተምረኝ? ብዬ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ።

ወይዘሮ ዳንጊሴ ገቡ። ማጉያ የለ፣ የግድግዳ ምስል የለ፣
ነጭ ወረቀት አደሉን፤ «ክፍላችሁን ሣሉ፤ ማን የት፣ ማን ከማን ጎን እንዳለ።
በየሣጥኑ ስም ይግባ» አሉን፤ «የአባት ስም ይቅር፤
እናቱ በር ላይ ቆማ የምትጣራው ስም፣ ሲመሽ ከደጅ ሲቀር።»

ቀላል ነው አልኩኝ። መስመር አሰመርኩኝ። ስልሳ ሦስት ሣጥን።
የፊቱ ረድፍ ሞላ፦ ኤፍራታ፣ ቅዱስ፣ ሶልያና፤ እጅ ለማውጣት ፈጣን።
መሃሉም በግማሽ። ከዚያ ብዕሬ ተንተባተበ፣
ከመስኮቱ ጥግ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ባዶ ሣጥን እንደ ወፍ ተሰበሰበ።

አንዱ «አንተ ከኋላ» ነው፤ ሌላ አላውቅለት፣
አንዷ ቢጫ ሹራብ ናት፤ ፊቷን ግን አጣሁት።
አንደኛው ሰኞ ሰኞ የሚያንቀላፋው፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት፣
«ታጥበህ ና!» ብዬ በክፍሉ ፊት የመለስኩት።

አሥራ ዘጠኝ ባዶ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ።
ከጎኔ ያለው መምህር ወረቀቱን በክንዱ ሸፈነ፤
እኔም ሸፈንኩ፤ ያው ዕፍረት አገኘኝ።

ወይዘሮ ዳንጊሴ አልገሠጹም። «በሉ፣ ያመጣችሁትን ዕቅድ አውጡ፤
ለባዶው ሣጥን አንብቡለት፤ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ፤ አትቆጡ።»
ጥቂት ዝም ብለው፦ «ድንኳን በምሰሶ ብቻ አይቆምም፤ ካስማው የሚተከለው ከዳር ነው፣
እናንተ መሃሉን ይዛችኋል፣ ዳሩን ነፋስ ሲገልበው።»

አነበብኩ፦ «በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አንድ ባቡር...»
እኔ ራሴ ያየሁት በሥዕል፤
በየት አድርጎ ከዚያ ሣጥን ይድረስ? ሐዲዱ በማን በር?

መስከረም ሲጠባ ባቡሩን ፋቅኩት፤ ጀልባ ጻፍኩ፣ ከአሞራ ገደል ሲነጋጋ የሚነሣ፤
ኤፍራታ እጇን አወጣች፤ «ቆይ» አልኳት፤ ቆየች፣ ከንፈሯን ነክሳ።
የሰኞው ልጅ ቀና አለ።
ዱካሞ ይባላል። ከመዝገብ ስንቴ አነበብኩት! ስሙን እንጂ እሱን አልጠራሁም፤
በአምስት በአምስት እስር፣ «ኦንቴ፣ ቶኔ» እያለ ቆጠረ፤ በዚያ መንገድ ሄጄ አላውቅም።
ሰሌዳው ላይ ወጣ፤ መልሱ ልክ። አካሄዱ ግን የመረብ ጠጋኝ መንገድ፣
ቋጠሮ በቋጠሮ፣ ከኋላ ወደ ፊት የሚሄድ።

ክፍሉ መጀመሪያ ሳቀ። ኤፍራታ ግን «እንዴት አደረግኸው?» አለች፣
ደብተሯን ይዛ ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ያምር ነበር፤ አላለቀም ግን፤
ባለ ቢጫ ሹራቧ ዘርፌ አለች፤ ስሟን አውቃለሁ አሁን።
ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ለካ ግድግዳውን የያዘችው ደህናውን ወደኛ ለማድረግ ነው፤ እኔ ኩርፊያ ብዬ ስወቅሳት፣
ወደ ፊት አመጣኋት፤ ጠላችው፤ ተመለሰች፤ ተውኳት።
ዛሬም ወደ ሰሌዳው ዞሬ አወራለሁ፤ መሃል ላይ ትዝ ይለኛል፤
ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ ጀርባ በአንድ ክረምት መች ይዞራል?

ማታ ዕቅድ ስጽፍ፣ «ዓላማ» ከሚለው በላይ አንድ ሣጥን እሥላለሁ፣
ባዶውን። አስቀድሜ እሱን «ታዲያስ?» እለዋለሁ።
አንዳንድ ማታ ይመልሳል። አንዳንድ ማታ መብራት ይጠፋል፣
ሻማ ይዤ ስጠብቀው፣ ገጹ ነጭ እንደሆነ ያድራል።