ሆዱ የሚያውቀው

አባታችን ኢንግቫልድ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ሲሞት በየካቲት፣
መሬቱን ለወንዶች፣ ቢላዋውን ለኔ ተናዘዘ በዚያው ሌሊት።
ከኪካፑ ወንዝ ማዶ፣ አርባ ኤከር ኮረብታ፣ ዊስኮንሲን፣
ወረሱ ሮይስና ቨርሊን።

ከጫካው ጥግ ደግሞ፣ ሲመሽ አጋዘኑ የሚያቋርጣት፣
አንዲት ገላጣ ነበረች፣ ጦም ያደረች ዓመት ካመት።
«ምን እንዝራባት?» አሉ።
በዚህች ጥያቄ ነው፣ ካንድ ሳህን በልተው ያደጉት፣ ለሁለት የተከፈሉ።

ቨርሊን ማገጥ አለ።
«ባለ ሦስት ቅጠሉን። አንዴ ከበቀለ
አምስት ዓመት ይኖራል። ለወንዱ ቀንድ ነው፣ ወተት ነው ለምታጠባ።
ብቻ አፈሩ ኮምጣጣ ነው፤ አስቀድሞ ኖራ ይግባ።»
(ስሙን ላወቀ ግን፣ ማገጥ ምን ታማኝ ነው?)

ሮይስ ተርኒፕ አለ። «መስከረም ላይ ቅጠሉ መራራ ነው፣
ማንም አይቀምሰው፣ ውርጭ እስኪመታው።
ያኔ ስኳር ይሆናል፣ ልክ ጠመንጃ ሲፈቀድ፣ በኅዳር፤
ሥሩን እንኳ ቆፍረው ይበሉታል፣ በረዶ ጭረው፣ በጥር።»

በቆሎን አነሡ፣ ጣሉት። ለቁራ ቀለብ፣ ለትንሽ መሬት አይሆን።
አኩሪ አተርን አነሡ፣ ጣሉት። ሁለት ቅጠል ሳያወጣ
በጥርስ ይታጨዳል፣ ባንድ ሌሊት፣ አገዳው ብቻ ቀርቶ።

ዘር መደብር አብሬ ሄድኩ። ከረጢቱ ላይ የተሳለው፣ ባለ አሥራ ሁለት ጫፍ ቀንድ፣
አጋዘን አይደለም፣ አዳኝ ነው የሚያጠምድ።

«አዳኝ» ነው ስማቸው። ጠብቆ ሲነበብ ጠመንጃ ይዟል፣
ላልቶ ሲነበብ ግን ነፍስ ያተርፋል።
በጋውን ሙሉ አብልቶ፣ በኅዳር ለሚተኩስ
እኔ የቱን ልበለው? እስካሁን አልወሰንኩም።

ሲባጎ ወጠሩ። ግራው የቨርሊን፣ ቀኙ የሮይስ፤
መሃሉን አንድ ክንድ ማንም አልዘራው፣ ለኩራት ድንበር ተተወ።
ኖራው ተበተነ። ለማገጡ ጥላ አጃ ተደረበ።
ዝናቡም አላዳላ፣ ለሁለቱም እኩል ዘነበ።

ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከማማው ላይ፣ አንዲት ጥይት።
ሁለቱም ሮጡ። ሲባጎው ላይ ወድቋል፣ ባለ ስምንት ጫፍ፣ ደረቱ ክፍት።
«የኔን ሲግጥ ነው!» አለ ቨርሊን።
«ፊቱ ወደኔ ነበር!» አለ ሮይስ።
ሬሳ ላይ ቆመው፣ በልጅነታቸው በመንሸራተቻ እንደሚጣሉት፣
ተጣሉና፣ መጨረሻ ላይ፣ ስልክ ደወሉ፦
«ቢላዋሽን ይዘሽ ነይ።»

ተንበረከክሁ። ቆዳው ገና ሙቅ ነው።
ከእንብርት ወደ ላይ፣ አባቴ እንዳሳየኝ፣ በሁለት ጣት መሃል፣ አንጀት እንዳልበሳ፤
ትልቁን ጨጓራ ስሰነጥቀው እንፋሎት ወጣ፣ የጠላ ጉሽ የሚመስል ሽታ፣
እና ዘረገፍኩት በረዶው ላይ፣ ወንድሞቼ ፊት።

ማገጥ የለም።
ተርኒፕ የለም።
የኦክ ፍሬ ብቻ፣ ሙልት ያለ፣ የተሰበረና ያልተሰበረ፣
ከአልማ ኖድላንድ አጥር ጥግ፣ ያያቷ አያት ከተከሉት ዛፍ ሥር፤
አልማ በሕይወቷ አንድ ከረጢት ዘር ገዝታ አታውቅም።

ሮይስ ቆቡን አወለቀ። ቨርሊን ጎንበስ ብሎ ቆጠረ፣
መቶ ሲደርስ ተወው።
ማንም አልሳቀም፤ ቆይቶ ነው የሳቁት፣ በመኪናው ውስጥ፣ ያለኔ።

እኔ ቢላዋዬን በማገጡ ጠረግሁ። ለዚህስ ጥሩ ቅጠል ነው።
ጥርስ ያልነካቸው ሦስት ፍሬዎች ግን፣ ኮቴ ኪስ ውስጥ ገብተው፣
ምድር ሳትደርቅ ማታውኑ ተመልሼ ቀበርኳቸው፣
ሲባጎው ሥር፣ ማንም ባልዘራው አንድ ክንድ ላይ።

እስኪያፈራ ሃያ ዓመት ይፈጃል ይላሉ።
ሁለቱም ዘንድሮም ይከራከራሉ፤ ኖራ ይገዛሉ።
አልነገርኳቸውም።
ሆዴ ያውቀዋል።