የቧንቧው ሰዓት

ሐምሌ ነው፤ ካንፑር ላይ ሰማዩ ከብዷል፤
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ መብራቱ ሄዷል።
ማራገቢያው ቆሟል እንደ ደረቀ ሸረሪት፤
ከጋንጋ ዳር ካሉት ከቆዳ ፋብሪካዎች
የኖራ ሽታ ይገባል በመስኮት።

ሃምሳ አንድ ተማሪ፣ አሥራ አራት መጽሐፍ።
ለሦስት አንድ ባድል ዘጠኝ ልጅ ይተርፋል፤
ለአራት ባድል ደግሞ ማን ገጹን ይገልጣል?
ከቢሮ የመጣው መመሪያ እንዲህ ይላል፦
«ለልብ ወለዱ መግቢያ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤
የደራሲዋ ልደት፣ መቼት፣ ጭብጥ ይጻፋል።»

ጠመኔ አነሣሁና «ጭብጥ» ብዬ ጻፍሁ፤
ወዲያው በሳሪዬ ጫፍ መልሼ አጠፋሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት ጭብጥ ሳስገለብጥ
አንድም ልጅ አላየሁ ያለቀሰ ለጭብጥ።

«ታሪኩ የከተማ ነው» አልኋቸው። «ከተማው ይኸው፣
ያ በመስኮቱ በኩል የሚከረፋው።
ኩሱም የምትባል ልጅ አለች፤
ከቀለም ቤቱ ጀርባ ትኖራለች፤
ባልዲ ይዛ ትሰለፋለች።
ከዚህ በላይ ብናገር ሌብነት ነው፤
የቀረው የእናንተ ነው።»

ኦምካር እጁን አወጣ። «ፈተና ላይ ይመጣል?»
«ይመጣል።»
«ስንት ማርክ?»
«አሥራ ሁለት።»
ያን ጊዜ እስክሪብቶዎች ብድግ አሉ በአንድነት።

የመጀመሪያውን ገጽ ማንበብ ጀመርሁ፦
«ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የሠፈሩ ቧንቧ ሲከፈት፣
ሴቶቹ እየተሳሳቁ ይወጣሉ ከየቤት...»

«ውሸት!»

ከኋላ ነው። ታንዚላ ናት።
ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር
ድምፅዋን ሰምተንላት የማናውቀው፣
አባቷ ከቆዳ ገንዳ ውስጥ ቆሞ የሚውለው።

«ምኑ ነው ውሸቱ?»
«ሰዓቱ። ውኃ የሚመጣው ሌሊት በአሥር ነው፤
እስከ አሥር ተኩል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው
ዝገት ነው። የሚስቅም የለም፣ ቲቸር፤
እንቅልፍ አለብን። ማንም አይናገር፣
ከባልዲዎቹ በስተቀር።»

ክፍሉ ፈላ። «እኛ ጋ ዘጠኝ ሰዓት ነው!»
«የእኛ በቦቴ ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፤ ያውም ከመጣ ነው!»
ሪትቪክ ብቻ፣ የአዲሱ አፓርታማ ልጅ፣
«የእኛ... ሁልጊዜ አለ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣
የሰረቀው ይመስል አንገቱን ደፍቶ።

ማሠልጠኛ ሳለሁ መልሱን አስጠንተውኝ ነበር፦
ልብ ወለድ ነው፤ ደራሲ ነጻነት አላት፤ ምናምን።
አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እርሳሴን ሰጠኋት።
«ኅዳጉ ላይ ጻፊው።»
«የመንግሥት መጽሐፍ እኮ ነው!»
«አውቃለሁ። ጻፊው።»

ጻፈች። ከወረቀቱ ቀና ሳትል፦
«ኩሱምስ? እሷ በስንት ሰዓት ነው የምትነሣው?»
«እኔ እንጃ» አልሁ። ዋሸሁ።
መጽሐፉን ይዛው ሄደች፤ አላስፈረምኋት።
መዝገቤ ላይ ሞላሁ፦ «መግቢያ፣ ተሰጥቷል።»
መብራት መጣ፤ ማራገቢያው ዞረ ለባዶ ወንበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጽሐፉ ተመለሰ፤
ሽፋኑ ላይ የባልዲ ቂጥ ክብ አትሞበት፣
ጠርዙ በውኃ ርሶ፣ አብጦ።
ገለጥሁት። በእርሳስ፦ «ውሸት።» ሌላም «ውሸት።»
«ሳሙና በዚህ ዋጋ የት ተገኝቶ!»
ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ ግን፣
የኩሱም አባት ማታ ከሥራ ገብቶ
ልጁ እንዳታያቸው እጆቹን
ብርድ ልብስ ውስጥ የሚደብቅበት ጋ፣
ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭና፦

«ይህን ማን ነገራት?»