የጫማ ክር

ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አባቱ፤
ሰባት ዓመት ስንለምን ሰምሮልን ስለቱ፣
"ምንተስኖት" አልኩት፣ አምላክን ለማለት፤
ዛሬ ሰው ሲጠራው ሽሙጥ አለበት።

አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጫማውን አያስርም።
ክሩን ለጣቶቹ ሰጥቼው አላውቅም።
ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እንበረከካለሁ፣
ሁለቴ ቋጥሬ ጫፉን አጠብቃለሁ፣
ደረጃው ላይ ተፈቶ እንዳይጠልፈው ብዬ፤
አራቱን ፎቅ እወርዳለሁ ክንዱን አንጠልጥዬ።

ቱሉ ዲምቱ ነው ቤታችን፣ ኮንዶሚኒየም፤
ከጀርባው ሜዳ አለ፤ ሜዳ ብቻ አይደለም፣
ለሕንፃ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ፣
ክረምት ውሃ የሚያቁር፣ ጭቃ የሚወልድ።
በገባን በዓመቱ አንድ ልጅ አስቀረ፤
በማግስቱ በረንዳችን በሽቦ ታጠረ።
"ዶሮ ልታረቡ ነው?" ሲል ጠየቀ በያጁ፤
ሳልመልስ ከፈልኩት ዋጋውን በእጁ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ዳኛ ነው፣ ከሽቦው ኋላ፤
"ፋውል ነው! በእጁ ነው!" ሥራ የለው ሌላ።
ኳስ እግሩን ሳትመታው፣ ጉልበቱም ሳይላጥ፣
ሕጉን ጥርት አርጎ ያውቃል፤ አያውቅም መሮጥ።

የጥበቃው ልጅ ኢፍቱ፣ ስምንት እንኳ አልሞላት፤
ጀሪካን ታንከባልላለች፣ ክብደቱ ሲያቅታት።
አስፋልቱን ስትሻገር መዳፏን ዘርግታ፣
ሲኖትራክ ይቆማል፣ ፍሬኑ አቃስቶ፣ ላንዳፍታ።
የገላንን ታሪፍ፣ የዳቦ ቤቱን ወረፋ፣
የትኛው ውሻ እንደሚነክስ፣ የቱ ጮሆ እንደሚጠፋ፣
ሁሉን ታውቃለች።
የእኔ ልጅ የሚያውቀው
እጄን ብቻ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ታይፎይድ አስተኛኝ።
እናቱ አዳር ነበረች። ማለዳ ቀሰቀሰኝ፤
ሁለቱን ጫማ በእጁ አንጠልጥሎ፣
"አባ፣ ማን ያስርልኛል?" አለ፣ ዓይኑ እንባ አዝሎ።
ልነሳ ስል ግድግዳው ዞረብኝ። ተመለስኩ።
በሩ ሲከፈት ሰማሁ። "ምንተ!" ብዬ ጮህኩ።

ግድግዳውን ተደግፌ በረንዳ ወጣሁ።
በሽቦው ቀዳዳ፣ ልክ እንደሱ፣ አየሁ፤
የኢፍቱ ጫማ ላስቲክ ነው፣ ክር የሚባል የለው፤
በጀሪካኗ ገመድ ነው የምታሳየው።
ትቋጥራለች፣ ትፈታለች፤ ሲሳሳት ትስቃለች፤
እጁን ግን፣ ልብ አልኩ፣ አንዴም አልነካች።

አራተኛው ላይ መሰለኝ የያዘለት፤
ጠማማ ቋጠሮ፣ አንድ ጆሮው የረዘመበት።
ተነሳ። አንድ እርምጃ። ሁለት። ሮጠና ወደቀ።
"ልጄን!" ልል ስከፍት አፌን፣ ቃሉ እዚያው ደረቀ፤
ጉልበቱን አየ። ደሙን አየ። ወደ ላይ አላየም።
"ና፣ ምንተስኖት፣ ረፈደ!" አለችው፤
ሽሙጥ አልሰማሁም።

ማታ ሲመጣ ክሩ ጭቃ ለብሷል፣ አልተፈታም።

"ልፍታልህ?" አልኩት ጎንበስ ብዬ፣ በልማድ።
እግሩን ሰበሰበ። እጄ፣ ሌላ ሥራ ሳይለምድ
አሥራ አንድ ዓመት የኖረው፣ አየር ላይ ቀረ፤
ጣቴ በራሱ ጣት ላይ ሲቋጥር አደረ።