ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ

ማክሰኞ ሌሊት ነው። በርጋሞ ተኝቷል፤
ጣቴ ግን በስልኬ አውሮፓን ይዞራል።
ከሆስፒታል መጥቼ፣ መወልወያ ጥዬ፣
ጫማዬን ሳልፈታ፣ አንገት አዘንብዬ፣
ማማ ላይ እንዳለ ማሽላ ጠባቂ
ዋጋ እጠብቃለሁ፣ በራሪና ወዳቂ።

ጁዜፒና አለች፣ አብራኝ የምትሠራ፤
የባልዲውን ውኃ እየቀዳች በተራ፦
«ቀን አትፈልግ» ትላለች፣ «ደጋግመህ አትንካ፣
ልብህን አይቶ ነው ዋጋ የሚለካ።
ናፍቆትህን ካወቀ ይጨምርብሃል።»
የደሴ ፍየል ነጋዴም ይህንን ያውቀዋል።

ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ! ብቅ አለ በቀይ።
ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ዝቅ ብዬ ሳይ፣
ወንበር ለመምረጥ ስምንት፤ ሻንጣ ሠላሳ አምስት፤
ቀድሞ ለመግባት ስድስት፤ አንዲት ወረቀት ለማተም
ሃምሳ አምስት!
ቅኔ ነው ለካስ፤ እኔ በሰሙ ስስቅ
ወርቁ ሻንጣው ሥር ነው፣ አድብቶ ሲጠብቅ።

ስሙም ሰም ነው ደግሞ፤ «ብራስልስ» ይልና
ሻርለርዋ ይጥልሃል፤ የአንድ ሰዓት ጎዳና
ይቀርሃል ገና፣ በአውቶቡስ፣ በክፍያ፣
ከአውሮፕላኑ በላይ። ተወው። እኛ ወዲያ
ምን ጉዳይ አለን? እኛ የምንሻው
አንድ ወንበር ነው፣ ሁለት ሰው የሚችለው።

ውዳላት እህቴ ጎተንበርግ ነው ያለችው።
አራት ዓመት ሞላን፤ ድምጿ ስልክ ውስጥ ነው የከረመው።
የእሷ ዕረፍት ሲደርስ የኔ ፈረቃ ነው፤
እኔ ስለቀቅ ደግሞ ትኬቱ እሳት ነው።
እሷ ወደ እኔ፦ መቶ ሰማንያ።
እኔ ወደ እሷ፦ መቶ ስድሳ፣ ያውም ያለ ሻንጣ።
ሁለታችንም ግን ወደማናውቀው፣
ዘመድ ወደማይጠራን፣ ማንም ወደሌለን ቦታ፦
ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ።
ዋጋው ሽማግሌ ሆኖ መኻል ገባና አስታረቀን፣
ሳንጣላ።

በርጋሞ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በሩ ላይ ያቺ ቅርጫት፣
የብረት ቅርጫት፣ ሻንጣ የሚለኩባት።
አንድ አዛውንት ተንበርክከው ቦርሳ ሲያስጨንቁ፣
ጎማው አልገባ ብሎ ሰልፈኞቹ ሲስቁ፣
ነቅለው ጣሉት ጎማውን! አንካሳ ቦርሳ አቅፈው
ቀድመውኝ አለፉ፣ አንገት ቀና አድርገው።
እኔ ምን አለኝ? አንድ ቁራሽ አይብ በጨርቅ፣
ለእሷ የያዝኩት ጓንት፣ ቀለሙ ደማቅ።

ሻርለርዋ ላይ ዝናብ። የመስታወቱ በር ተከፍቶ
አንዲት ሴት ወጣች፣ ካፖርቷ ተነፍቶ፣
ክብ ሆና፣ እንደ ዱባ።
«ወፈርሽ!» አልኳት፣ ደስታዬ ገንፍሎ፤
እኛ ዘንድ ምርቃት ነው።
«ውፍረቱ ያንተ ነው» አለች፣ «ማንዴ፣ ያዝ!»
ካፖርቱን አወለቀች፤ ቀጥሎ ሹራብ፤ ቀጥሎ ሹራብ፤
ሦስተኛውን ስትስብ ፀጉሯ ተነስቶ ቆመ፣
ከውስጥ ቀጭኗ እህቴ ወጣች፣ ያቺው የድሮዋ፣ አንገተ ረጅሟ።
«ሻንጣ ሠላሳ አምስት ነው፤
ገላ ግን በነጻ ይጫናል።»

የኔን ለበስኩት። ገና ይሞቅ ነበር፤
ከዴንማርክ በላይ፣ ከደመና በላይ የመጣ
የብብቷ ሙቀት።

ስድስት ሰዓት ተቀመጥን። ከተማውን አላየን፤
በመስኮት አንድ ጥቁር ኮረብታ ብቻ፣
የድሮ ከሰል ጥራጊ፣ ሣር ያበቀለ።
አይቡን በጣት ቆረስን። የአባታችንን ቤት ነገር
አነሳን፤ ተውነው።
ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤
እኔ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ማሽላ ጠባቂው።

በር አራት፣ እሷ። በር አሥራ አንድ፣ እኔ።
ትኬት የምታየዋ ሴት ሹራብ በሹራብ ላይ አየችኝ፣
ባዶ እጄን አየች፣
«እለፍ» አለች። ውፍረት አይመዘንም።

ማክሰኞ ሌሊት ነው። ስልኬ ብልጭ አለ፦
«ፖዝናን፣ ሰባት ዩሮ፣ የካቲት አጋማሽ።»
«ፖዝናን ማን አለን?» ብዬ ጻፍኩ።
«እስካሁን ማንም።»