ወራጅ አለ

ከፒያሳ ተሳፍሬ፣ ከመስኮቱ ጥግ ተቀምጬ፣
ወደ ማራኪ እሄዳለሁ፣ ሁለት ቃል በምላሴ ሥር ሸጉጬ፤
«ወራጅ አለ።»
ይኸው ነው።
ሕፃን ይለዋል፤ ሰካራም እየተንገዳገደ ይለዋል፤
እንቅልፋሙ እንኳ ሰፈሩን በሕልሙ አውቆ ይጮኸዋል።
እኔ ግን ገና ከአውቶ ፓርኮ ጀምሬ
እንደ ቃል ጥናት እደጋግመዋለሁ በከንፈሬ፤
ላርዝመው? ላሳጥረው?
«ይቅርታ» ልጨምር? ድምፄን ከየት ልጀምረው?

ማራኪ ደረሰ።
ልቤ ኮረኮንች ላይ እንደወጣ ባጃጅ ተንገጫገጨ፣
ጆሮዬ ጋለ፣ መዳፌ ላብ አመነጨ፤
ማራኪ አለፈ።
የቤቴ ቆርቆሮ በመስኮት መጥቶ በመስኮት ሄደ፤
ረዳቱ ሳንቲም ይቆጥራል። ውስጤ አንድ ነገር ተናደ።
እስከ አዘዞ እከፍላለሁ፣ የዝምታዬን ታሪፍ፣
በእግሬ እመለሳለሁ፣ በጨለማ፣ የአስፋልቱን ጫፍ ጫፍ።

ስሜ ይታያል ነው።
እናቴ ናት ያወጣችልኝ፣ ገና አራስ ቤት ሳለች፤
«ይሄ ልጅ ይታያል!» አለች።
እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከስሜ ስሸሽ ኖርኩ፤
እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ፣ ፎቶ ሲነሣ ከሰው ትከሻ ሥር ተሰወርኩ።

«ከመቼ ጀመረህ?» አለኝ ሐኪሙ፣ ካርዴን እያገላበጠ፤
ተዘጋጅቼበት የመጣሁት መልስ ጉሮሮዬ ውስጥ ሰመጠ።
«ደህና ነኝ» ብዬ ወጣሁ።
ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ፤ ወረቀት አያፈጥም።

አራተኛ ክፍል ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
ጋሽ ሞላልኝ በጠመኔ ጠቁሞኝ «ተነሥ፣ አንብብ» ይላል።
«ተራራ» የምትል ቃል ላይ ምላሴ ተደናቀፈ፤
«ተ… ተ… ተ…» ትንፋሼ አለቀ፣ ተራራው ግን አልታለፈ።
ስልሳ ልጅ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ሳቅ ይጋባል።
ዛሬ አንዳቸውም አያስታውሱት።
አንዱን አራዳ ገበያ አገኘሁት፤ በርበሬ ይሸጣል፤ አቅፎ ሳመኝ።
በእኔ ውስጥ ግን ስልሳውም በየዴስኩ አለ፤
አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይዞራል፤ አንድ ቀሪ የለ፣ አንድ አርፋጅ የለ።

ወይስ ከዚያ በፊት ነው?
ግድግዳችን ጭቃ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉን ይሰማል፤
አባቴ ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፍኖ፣ «ኧረ ሰው ምን ይላል!»
ጎንደር ላይ አንተን የማያውቅ ቢኖር እንኳ አባትህን ያውቃል።
ይሉኝታ አብራን ትኖር ነበር፣ ኪራይ ሳትከፍል፣
ከአንድ ትሪ ስንበላ ትልቁን ጉርሻ ቀድማ ስትቀበል።
እኔንማ አመሰገኑኝ፤
«አንገቱን የደፋ! ድምፁ የማይሰማ! የጨዋ ልጅ!» አሉኝ፤
ሕመሜን ካባ አልብሰው ሸለሙኝ።
«ዝም አይነቅዝም» አሉኝ።

ይነቅዛል።
እንደ ባቄላ ነው፤ ልጣጩ ደህና፣ ውስጡ ዱቄት።

ደጁ ድረስ ሄጄ የተመለስኩበት ለቅሶ፣
እየጠራ እስኪያርፍ ቆሜ ያየሁት ስልክ፣
መልስ አጉድሎ ለሰጠኝ ባለሱቅ «እግዜር ይስጥልኝ» ያልኩት፤
ደግሞ ጥሩወርቅ።
ሦስት ዓመት በአንድ ቢሮ፣ «እንደምን አደርሽ» ልላት ስሰናዳ እየመሸ፣
የሠርጓን ጥሪ በእጇ ሰጠችኝ።
አልሄድኩም።

ባለፈው ማክሰኞ፣
አንዲት ተማሪ ከጎኔ ተቀመጠች፣ ደብተሯን አቅፋ፤
ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል።
ያንን ጸሎት አውቀዋለሁ። ሁለት ቃል ነው።
ማራኪ ደረሰ። እጇ የወንበሩን ብረት ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ጨበጠ፣

«ወራጅ አለ!»

ማነው ያለው?
እንደ ዛገ በር ሲጥ ብሎ የወጣው የእኔ ድምፅ ነው።
ስልሳው ልጅ እስኪዞር ጠበቅሁ።
ማንም አልዞረም።
ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ረዳቱ እያዛጋ በሩን ከፈተ፤
አንዲት ሴትዮ ሽንኩርቷን ወደ ጉልበቷ ሰበሰበች፤
ልጅቷ ወረደች፤ በሩ ተዘጋ።
ይህን ያህል ዘመን የፈራሁት የአንድ ረዳት ማዛጋት ኖሯል?

ይህንኑ ሳስብ፣ መውረዴን ረስቼ፣
አዘዞ ደረስኩ።
«እዚህ ነህ?» አለኝ።
«አይ፣ ማራኪ ነበርኩ።» ጮክ ብዬ።
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቅ ይጋባል።

መንገዱን ሁሉ «ተራራ፣ ተራራ» እያልኩ ተመለስኩ፤
አንድ ውሻ ብቻ ሰማኝ።