ተቀባይ

ሹክሪ ደወለልኝ፣ ትናንት፣ ከባቱሚ፤
ድምፁ እንደ ድሮው ነው፣ ቀጭን፣ ግን አዝጋሚ።
ሰላምታም አላለ። «ያቺ የደረጃ
ዘፈናችን» አለኝ፣ «ያቺ የኤልጉጃ፣
ሦስተኛ ስንኟ ከአፌ ላይ ጠፋብኝ፤
ሌሊቱን ስፈልግ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»
ወንበር ሳብ አድርጌ ማድ ቤት ተቀመጥኩ፤
ለመስማት ይመስል መነጽሬን አወለቅኩ።

ኩታይሲ። ፖሊቴክኒክ። ሁለተኛ ዓመት።
አራት አልጋ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ የማይዘጋ መስኮት፤
ሪዮኒ ከታች ሆኖ ድንጋይ ሲያንከባልል፣
የንድፍ ወረቀታችን በእርጥበት ሲጠቀለል።
ክፍሉ ድምፅ በላ ነው፤ ፍራሽና ካፖርት።
ደረጃው ግን ባዶ፤ ሲሚንቶና ጽልመት፤
አንድ ያበደሩትን ሦስት አድርጎ መላሽ፣
ከየትም ባለዕዳ የታመነ፣ የማይሸሽ።

ሹክሪ ከላይ ይቆማል፣ ቀጭኗን ይዞ እንደ ክር፤
እኔ መሐል ሆኜ ቃሉን ልናገር፤
ኤልጉጃ ከታች ነው። ቃል የለውም እሱ፤
«ኦ» ብቻ ነው፣ «ኦ»፣ እስኪያልቅ እስትንፋሱ።
ሲዘፍን አትሰማው፤ ዝም ያለ ጊዜ ነው
እግርህ ደረጃ አጥቶ ባየር የሚቀረው።

ጠባቂዋ ፔፔላ መጥረጊያ ይዛ ትመጣለች፤
«ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ የሰይጣን ቁራጮች!» ትላለች፤
ከዚያ በመጥረጊያው እንጨት አገጯን አስደግፋ
ሁለተኛውን ዘፈን ሰምታ ነው ምትጠፋ።

የወይን ለቀማ፣ የሠርግ፣ የሐዘን ብቻ አይደለም፤
በሌሊት፣ በሬዲዮ፣ ይመጣ ነበር ዓለም፤
በሹክሪ አጎት ሬዲዮ፣ ሽቦው ከመስኮት ታስሮ፣
እየተንሿሿ፣ በማዕበል ተሸብሮ፣
አንዲት ሴት ትዘፍናለች። በምን ቋንቋ? እንጃ።
አስተርጓሚነት ራሱን ሾመ ኤልጉጃ፦
«ፍቅሬ ሆይ ነው የምትል፣ ድንቹ አረረብኝ፤
ጫማዬም ጠበበኝ፣ ፊዚክስም ወደቅኩኝ...»
በሦስት ድምፅ ከፍለን፣ ዓይን ጨፍነን፣ በሐዘን፣
በዚያች ባረረች ድንች ስንቷን ልጅ አስለቀስን።

ከሠላሳ ዓመት ኋላ ትርጉሟን አገኘሁ፣
ከልጄ ስልክ ላይ፤ አንብቤ ተቆጨሁ።
ስለ ጨረቃ ነች። ደህና ነች። ምንም አይላትም።
የኛን ድንች ግን አታህልም።

ኤልጉጃ ድልድይ ሠራ፣ ሁለት ሚስት ፈታ፣
ባለፈው መጋቢት ዝም አለ አንድ ማታ።
ቁጥሩን አልሰረዝኩም፤ ደውዬም አውቃለሁ፤
«ተቀባይ የለውም» ትላለች፤ አምናለሁ።
ስለ ስልኩ ይሁን ወይስ ስለ ዘፈኑ
እሷ ምን ታውቃለች? ሁለቱም እውነት ሆኑ።

«ጀምር» አለኝ ሹክሪ። ጀመርኩኝ፣ በጎርናና፤
እሱም ተከተለኝ፣ ዘግየት አለና፤
ስልኩ እየጎተተን፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣
ሦስተኛው ስንኝ ጋ ደረስን በጭንቅ።
ያው ጉድጓድ። ከታች ባዶ።
ቆምን።

ያን ጊዜ፣ ከጀርባዬ፣ ያ አሮጌው ፍሪጅ፣
ሚስቴ «ጣለው» የምትለኝ፣ የእርጅናዬ ወዳጅ፣
ሳል ሳል ብሎ ተነሣ፤ «ኦ» አለ፣ ጎርንኖ፣
አንድ ቃል ሳያወጣ፣ ከሥራችን ሆኖ።
«ማነው?» አለኝ ሹክሪ።
«ዝም በል» አልኩት። «ቀጥል።»

መጣችም። ከሁለታችን አፍ፣ እኩል፦
«ቁልፉ ከምንጣፉ ሥር ነው፣ ቀድሜ ከሄድኩኝ።»

ያኔ ስቀንባት ነበር።

ፍሪጁ ቆመ። ሹክሪ ስልኩን አልዘጋም፤
ስለ ደም ግፊቱ አወራን፣ ስለ ዝናቡ፣
እስኪነጋም።