ቁጥር ሁለት ሲገረጣ

ሁለት ወንድ ቆሮሶ፣ በአንድ መስተዋት ገንዳ፣
ከሐዋሳ ሐይቅ ወጥተው፣ ባዳ ከባዳ።
ደብተሬ ላይ አለ፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤
ንክሻ ሠላሳ አንድ፣ የረገፈ ቅርፊት አራት።
አፍ ለአፍ ተያይዘው፣ ውሃው እስኪደፈርስ፣
ለአንዲት እፍኝ ጉድጓድ፣ በውርስ ለማትደርስ።
ቁጥር አንድ ጠቆረ፣ ቁጥር ሁለት ገረጣ፤
ጥጉን ይዞ ዋለ፣ ክንፉን አጥፎ፣ ሳይወጣ።

ማክሰኞ፦ ስድስት ንክሻ። ረቡዕ፦ አንድም የለ።
አንደኛው ክንፉን ዘረጋ፤ ሁለተኛው ገለል አለ።
ዶክተር ፍሬሰንበት፣ መነጽሯን እየወለወለች፣
«ፈሪ ብለህ እንዳትጽፍ፤ ያስታውሳል በል» አለች።

ያስታውሳል።
እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ።
እኛ ሰፈር፣ አሞራ ገደል፣
«የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ»
ሲባል የሰማ ሰው፣ በር ዘግቶ ያድራል፣ ዱላ እንዳነሣ።
ይሄ ዓሣ ግን፣
ስላልረሳ ነው ያልተነሣ።

ወንድሜን ሌዳሞን በመቅዘፊያ የመታሁት እኔ ነኝ።
በአባታችን መረብ፣ በግማሽ ጀልባ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።
ቅንድቡ ላይ ያለው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።
ከሥራ ስወጣ፣ ባጃጁን በጉዱማሌ አስዞራለሁ፤
ዓሣ ከሚሸጥበት እንዳላልፍ፣ አሥር ብር እጨምራለሁ።

አንድ ቀን ብቻ፣ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት፣ በዚያው ሄድኩ።
ቢላዋ በእጁ፣ አምባዛ ሲገፍ አገኘሁት፤ ቆምኩ።
ቀና ብሎ አየኝ።
ፊቱ አመድ መሰለ። ሣጥኑን በእግሩ ገፍቶ
መንገድ ለቀቀልኝ።
ናቀኝ ብዬ ነበር። ያ ንቀት ስንት ሌሊት በላኝ!

በገንዳው መካከል አሁን ጥቁር ሳንቃ አለ።
አምስት ቀን ለይተን ስናነሣው አልተነካኩም፤
አሥራ አምስት ይሁን ተባለ።
«ከተረሳሱ» አለች ዶክተሯ፣ «እንደ ሰኞው ነው፤ ከሀ፣ ከንክሻ።»
ዛሬ አሥራ አራተኛው ሌሊት ነው፣ መጨረሻ።

መብራቱን አጥፍቼ፣ በእጅ ባትሪ አያቸዋለሁ፣
አንዱ ከሳንቃው ወዲህ፣ አንዱ ከሳንቃው ወዲያ፤
አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣
ስም የጠፋው ሰው ይመስላል።
መስተዋቱን በጣቴ ነካ አደረግሁ።
የትኛውን «አትርሳ» እንደምል አላወቅሁም።

የነገውን ቀን ጽፌ፣ ረድፉን ባዶ ትቼ ወጣሁ።
ባጃጁ በሩ ላይ ይንተከተካል።
«እንደ ወትሮው፣ በዙሪያ?»
ይላል ልጁ።